ስለ ራዶን ጋዝ ለጠየቅሽው እህት፣ ከአዳማ

እህቴ፣ «ምድር ላይ ነው ቤታችን፣ ሊሾው ተሰነጣጥቋል፣ ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝ የራዶን መለኪያ 6 ይላል፣ ራሴንም ያመኛል፣ ልስጋ ወይ?» ላልሽው፣ እኔም እዚሁ አዳማ ስላየሁት ልንገርሽ። ራዶን ከመሬት የሚወጣ፣ የማይታይና የማይሸት ጨረራማ ጋዝ ነው።

1. መለኪያው በምን እንደሚቆጥር እዪ። የእኔም ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ 7 ገደማ ያሳይ ነበር። አንድ አማካሪ ነኝ ባይ ብሬን ተቀብሎ ቤቱን ዞር ዞር አለና «የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 100 ይላል፣ አንተ 7 ነህ፣ ለጥ ብለህ ተኛ» አለኝ። ድርጅቱ 100 የሚለው ቤክሬል በሚባል የጨረር መስፈሪያ ነው! የአሜሪካው መለኪያ ፒኮኪዩሪ በሚባል ሌላ መስፈሪያ ይቆጥራል፤ በሊትር 1 ፒኮኪዩሪ ማለት በሜትር ኩብ 37 ቤክሬል ነው። የእኔ 7 ወደ 260 ሆነ ማለት ነው፣ ያንቺ 6 ደግሞ 222። አሜሪካኖቹ ራሳቸው 4 ከደረሰ ቤቱን አስተካክሉ ነው የሚሉት። ደውዬ ይህን ብነግረው «ካወቅክ ለምን ጠራኸኝ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ብሩም በልቶት ቀረ።

2. የአንድ ሌሊት ቁጥር አያስደንግጥሽ፣ አያዘናጋሽም። ሦስት ወር ያህል ተከታተዪው። እኛ ቀን በሙቀቱ ሁሉን እንከፍታለን፣ ማታ ትንኝ ፈርተን ጥርቅም ነው። የእኔ ንጋት ላይ ነበር አናቱ ላይ የሚወጣው።

ጋዙ ከአፈርና ከድንጋይ ነው የሚወጣው፣ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል። እኛ ቤት የሊሾው ስንጥቅ ቀላሉ ነበር፤ ዋናው ሽንት ቤት ቱቦው ወለሉን የሚበሳበት ቦታ ነው፣ ጣት ያስገባል። ግንበኛው እንዲያው ትቶት ሄዶ ኖሯል። በሲሚንቶና በሲሊኮን ራሴ ደፈንኩት፣ መስኮቶቹ ላይ ወንፊት አስገጥሜ ማታም ገርበብ አደርጋለሁ። አሁን 2 ላይ ነው፣ ያ ሰውዬ መጥቶ ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር። መድፈን ብቻውን ካላወረደልሽ ከወለሉ ሥር ቱቦ አስቀብረሽ በፋን አየሩን ወደ ጣሪያ ማስወጣት ነው፤ ወጪ አለው ግን ይሠራል።

ባለቤትሽ ያጨስ እንደሆነ አልጻፍሽም። ራዶን ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ይብሳል። ቤት ውስጥ አያጭስ በይው።

የራስ ምታቱ ግን ከራዶን አይደለም፤ ራዶን በዓመታት ሳንባን ይጎዳል እንጂ ራስ አያሳምምም። ማታ ከሰል ክፍል ውስጥ ታስገቢያለሽ? እሱ በአንድ ሌሊት ነው የሚገድለው፣ ዛሬውኑ አውጪው።