መልስ፦ ኬክ ማስዋብ ለጀማሪ ይከብዳል ወይ?

እህቴ፣ «ኮምቦልቻ ነኝ፤ ሥዕል አልችልም፤ ደሴ እየተመላለስኩ ኬክ ማስዋብ ብማር ይሆንልኛል?» ላልሽው፣ አዎ፣ በደንብ ይሆንልሻል። የሚፈልገው የእጅ ልምድ ነው እንጂ ሥዕል አይደለም። ከመመዝገብሽ በፊት ግን ተማሪው ራሱ እንደሚሠራ ጠይቂ፤ ቆሞ ማየት ብቻ ከሆነ ገንዘብሽን አታውጪ።

ቤት ስትለማመጂ ኬክ መጋገር የለብሽም። ክሬሙን ንጹሕ ትሪ ላይ እየጨመቅሽ አበባ ሥሪ፣ ጠርገሽ ሰብስቢው፣ ደግመሽ ጭመቂው። ክሬሙ የሚጨመቅበትን ከረጢት ከግማሽ በላይ አትሙዪው፤ አለዚያ በላይ በኩል ይወጣብሻል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ የቅቤ ክሬሙን ያጸናዋል። ኮምቦልቻ ግን ሞቃት ናት፤ ደሴ የሠራሽው አበባ ቤትሽ ቢላላብሽ አትደንግጪ። በማለዳ ሥሪ፣ የእጅሽም ሙቀት ያላላዋልና በየመሀሉ ከረጢቱን ለ10 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው።