«ጠመመ» ብቻውን አይበቃም፦ ስለ ላሜራ ማጠፊያ ማሽን ቃላት

ጥያቄ፦ ሰላምዎ ይብዛ መምህር። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። በምሠራበት የብረታ ብረት ቤት ጥቅል ላሜራ በሮለሮች መሀል እያሳለፈ የሲ ቅርጽ ብረት የሚያወጣ ማሽን አለን። ጀርባው 100፣ ሁለቱ ክንፎቹ 50፣ 50 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ማሽኑ ባለ 5 ጣቢያ (ባለ 5 ጥንድ ሮለር) ነው፣ በጣቢያና በጣቢያ መካከል 300 ሚሊ ሜትር አለ። ዲዛይኑን ልናሻሽል አስበን ሰነዱን በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ማሽኑን «ዳማጭ» ልበለው ወይስ «ማጠፊያ»? «በብርድ የሚሠራ» ማለትስ ያስኬዳል? ሠራተኛው የተበላሸውን ሁሉ «ጠመመ» ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያው ብጽፍ የንድፍ ባለሙያው «ምኑ ነው የጠመመው?» ብሎ መለሰልኝ። ሥራችንስ «ማሻሻል»፣ «ማደስ» ወይስ «ማዘመን» ነው የሚባለው? «ማሽኗ» እና «ማሽኑ»ም ተቀላቅለውብኛል።

መልስ፦ ለእርስዎም ሰላም ይሁን። ከ«ዳመጠ» ልነሣ። ጥጥ የሚዳመጥባት ብረት መዳመጫ ትባላለች፤ ጥጡን ድንጋይ ላይ አድርገው ሲያንከባልሏት ፍሬው እየተፈለቀቀ ይወጣል። የመንገዱን ሮለርም ሕዝቡ ማንንም ሳይጠይቅ «ዳምጠው» ብሎ ሰይሞታል፤ ከዚህ የተሻለ የማሽን ስም በአማርኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በሁለቱም ቦታ ቃሉ የያዘው ሐሳብ አንድ ነው፤ እየተንከባለሉ መጫንና ማሳሳት። ወፍራም ብረት በሁለት ሮለር መሀል ገብቶ ቀጥኖ የሚወጣበትን ሥራ «ብረት መዳመጥ» ብንለው ልኩ ነው።

የእርስዎ ማሽን ግን አያሳሳም። 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ የገባ ላሜራ፣ ጥጉ ላይ ከምትኖረው ጥቂት መሳሳት በቀር፣ 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ሳስቶ ከወጣ የሮለሮቹ ክፍተት ከላሜራው ውፍረት ጠቧል ማለት ነው፤ ዚንኩ ይላጣል፣ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ላሜራው መሀል ላይ እየረዘመ ይንቦረቀቃል። ማሽኑን «ዳማጭ» ካሉት አዲስ የገባ ሠራተኛ ብሎኑን ማጥበቅ ዋና ሥራው ይመስለዋል፤ ስሙ ራሱ ወደ ስሕተት ይመራዋል።

«ማጠፊያ» ይሻላል። ችግሩ፣ ማጠፊያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ላሜራውን ዘርግተው ከላይ በሚወርድ ስለት አንዴ ተጭነው የሚያጥፉበትን ነው። የእርስዎ ማሽን ልዩነቱ ጥቂት በጥቂት ማጠፉ ነው፤ መጀመሪያ 12 ዲግሪ፣ ቀጥሎ 25፣ ከዚያ 40፣ እያለ 90 ይደርሳል። ለዚህ ሰሜን ሸዋ ተራራው ላይ የተጻፈ ቃል አለው፤ እርከን። ተዳፋቱን በአንድ ዝላይ አይወርዱትም፣ በእርከን ይከፋፍሉታል። «የእርከን ማጠፊያ» ይበሉት። የሮለሮቹን ጥንድ «ጣቢያ» ማለትዎን አልነካም፤ ጣቢያ ዕቃው ይሁን፣ እርከን ደግሞ እዚያ ላይ የሚደረስበት የእጥፋት መጠን። «3ኛው ጣቢያ የ40 ዲግሪ እርከን ነው» ሲሉ ማንም አይሳሳትም።

ሮለርን፣ ሻፍትን፣ ኩሽኔታን፣ ላሜራን ለመተርጎም ግን አይድከሙ። ቶርኖ ቤት ገብተው «ተሽከርካሪ ዘንግ ይሥሩልኝ» ቢሉ ባለሙያው ምን ፈልገው እንደመጡ ደግሞ ይጠይቅዎታል። የዕቃ ስም ከዕቃው ጋር ይመጣል፣ ነውርም የለበትም። ግሡ ላይ ነው ቸልታው የሚያስቆጨኝ፤ ብረት ምን እንደሆነ ለመናገር አማርኛ የሚያንሰው ነገር የለም።

«በብርድ የሚሠራ» የሚለውን ይተዉት፣ ይልቁንም ደብረ ብርሃን ላይ። በኅዳር ውርጭ ጋቢ ደርቦ ሰነድዎን የሚያነብ ሰው ስለ አየሩ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ትክክለኛውን ቃል ቀጥቃጩ ይዞታል። ማረሻና ወገል ሲሠራ ብረቱን በወናፍ ያግላል፣ በጉጠት ይይዛል፣ መስፍ ላይ ይቀጠቅጣል። የእርስዎ ላሜራ አይግልም። ስለዚህ «ሳይጋል የሚታጠፍ» ይበሉ። ቃሉ የሚጠቅመው ለውበት ብቻ አይደለም። የጋለ ብረት ያጠፉትን ይዞ ይቀራል፤ ያልጋለ ብረት ግን ሮለሩ ሲለቀው ከእጥፋቱ ጥቂቱን ይመልሳል። 90 ያደረሱት 87 ላይ ይገኛል። ሠራተኞችዎ «ስፕሪንግ ባክ» የሚሉት ይኸው ነው፤ «ምልሰት» ብንለው ይበቃዋል። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ምልሰትን ለሌላ ጉዳይ ይጠቀሙበታል፣ ግን ሁለቱ ሰነዶች አንድ መደርደሪያ ላይ አይገናኙም። መድኃኒቱ «አልፎ ማጠፍ» ነው፤ 3 ዲግሪ የሚመልሰውን 93 ድረስ አጥፎ መልቀቅ። ብረቱ በጠነከረ፣ የጥጉ ክብነትም (ሬዲየሱ) ከላሜራው ውፍረት አንጻር በሰፋ ቁጥር ምልሰቱ ይበዛል። ሌላ ብረት ሲያስገቡ ያንኑ 93 አይመኑ፤ የአሉሚኒየም ግትርነት፣ ማለትም ላለመለጠጥ የሚያሳየው እምቢታ፣ 70 ጊጋ ፓስካል ገደማ ነው፣ የብረት 200 ገደማ። ጥንካሬያቸው እኩል ቢሆን እንኳ አሉሚኒየሙ ሦስት እጥፍ ያህል ይመልሳል።

አሁን ወደ «ጠመመ»። ባለሙያው መመለሱ ልክ ነው። 3 ሜትር የሆነ አንድ ሲ ብረት ጀርባውን ወደ ታች አድርገው የተስተካከለ ወለል ላይ ያስቀምጡት፣ ሲባጎም ያዘጋጁ።

ሁለቱ ጫፎች ከወለሉ ተነሥተው መሀሉ ብቻ ከነካ፣ ወይም መሀሉ ተነሥቶ ጫፎቹ ከነኩ፣ ይህ ጎበጠ ነው። ጉብጠት ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ ጎባጣ ሽማግሌን ማንም ጠማማ አይለውም። ወለሉ ላይ ደህና ተኝቶ ከጎኑ የወጠሩት ሲባጎ መሀል ላይ ከራቀው ወይም ከገፋው፣ ያኔ ነው ጠመመ የሚባለው፤ እንደ ጠማማ መንገድ፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ። ሦስቱ ማዕዘን ነክቶ አራተኛው ከተነሣ ደግሞ አልጠመመም፣ አልጎበጠም፤ ተጠመዘዘ። ልብስ የሚያጥብ ሰው ጋቢውን ይዞ አንዱን ጫፍ ወደዚህ ሌላውን ወደዚያ እንደሚያዞረው። ጀርባው ሰፊ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ጧ ብሎ ገብቶ ሲለቁት የሚመለስ ከሆነ ረገበ ይባላል፤ የረገበ ከበሮ የሚያውቅ ጆሮ አይስተውም። የክንፉ ጠርዝ እየወጣ እየገባ ከሄደ ተጨማደደ።

ስሞቹን ይህን ያህል የምለያያቸው ምክንያታቸው ስለሚለያይ ነው። የጠመመ ብረት ብዙ ጊዜ ማሽኑ ሳይነካው የጠመመ ነው፤ ከጥቅሉ ተሰንጥቆ ሲመጣ ጠማማ የነበረ ጥብጣብ፣ አለበለዚያ ከመሀል መስመር የወጣ መግቢያ መሪ። ስለዚህ ሮለር ከመፍታት በፊት ጥብጣቡን ራሱን ወለል ላይ ዘርግቶ በሲባጎ ማየት ነው። የተጠመዘዘ ከሆነ ወደ ሻፍቶቹ ይሂዱ፤ የላይኛውና የታችኛው ሻፍት ትከሻ በአንድ መስመር ላይ አይደለም፣ ወይም የግራና የቀኙ ክፍተት እኩል አይደለም። አንዱ ክንፍ ከሌላው የሚረዝም ቅርጽ ደግሞ ሁሉም ተስተካክሎለትም መጠምዘዝ ይወዳል፤ ለሱ መውጫው ላይ ማቃኛ መጨመር ግድ ነው።

ጉብጠትና የጠርዝ መጨማደድ ከአንድ እናት ይወለዳሉ። ክንፉ ሲነሣ ጠርዙ ከጀርባው የረዘመ መንገድ ይሄዳል፤ ጀርባው ቀጥ ብሎ ሲያልፍ ጠርዙ ዳገት ይወጣል። ዳገቱ ከበዛ ጠርዙ ላይመለስ ይለጠጣል፤ ከዚያ ከጀርባው ጋር እኩል ሁን ሲባል የተረፈው ርዝመት መሄጃ ያጣና ይጨማደዳል፣ ወይም ሙሉውን ብረት ያጎብጠዋል። ለለስላሳ ብረትና ለቀላል ቅርጽ ሙያተኛው የሚይዘው ልክ የዳገቱ ማዕዘን ከ1 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ (ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ እጅ ነው) ገደማ እንዳይበልጥ ነው። በሒሳብ የክንፉን ቁመት በ40 ማባዛት ማለት ነው። የእርስዎ ክንፍ 50 ነውና 2,000 ሚሊ ሜትር መንገድ ያሻዋል። ባለ 300 ርቀት ጣቢያ 5 ቢደረደር 1,500 ብቻ ነው፤ 7 ጣቢያ ገደማ ይጠይቃል። እርከኖቹን 12፣ 25፣ 40፣ 55፣ 70፣ 83፣ 93 አድርጎ መሞከር ይቻላል። ጠንካራ ብረት ከሆነ ከዚያም ይጨምራል። ቦታ ከጠበበ ሌላ ዘዴ አለ፤ የታችኛዎቹን ሮለሮች ከጣቢያ ጣቢያ በጥቂቱ ዝቅ እያደረጉ ጀርባው ቁልቁል እንዲወርድ ማድረግ። ጀርባው ሲወርድ የጠርዙ ዳገት ይቀላል። ይህን በሰነድዎ «ቁልቁል መስመር» ቢሉት ከሰላሌም ከመንዝም የመጣ ሠራተኛ ሥዕል ሳያይ ይረዳዋል።

ሳልረሳ፣ ላሜራው ሲሰነጠቅ ስለሚኖረው ልክ «ስፋት» ብለው ጽፈው እንደሆነ «ወርድ» ብለው ያርሙት። ስፋት በትምህርት ቤት ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ወርድን ደግሞ ጨርቅ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ወርዱም 100 ሲደመር 50 ሲደመር 50፣ 200 አይደለም። ውፍረቱ 1፣ የጥጉ ውስጣዊ ክብነት 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ቀጥ ያለው ጀርባ 94፣ ክንፎቹ 47፣ 47፣ እያንዳንዱ ጥግ ደግሞ 3.77 ገደማ ይበላል፤ ድምሩ 195.5 ነው። 200 አድርጎ የሰነጠቀ ሰው በየክንፉ 2 ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል ትርፍ ይዞ ይገባል፤ ትርፉ የሮለሩን ትከሻ ይነካና ጠርዙ ይጨማደዳል። ከዚያ ሮለሩ ይወቀሳል።

ስለ ማሻሻል፣ ማደስና ማዘመን በአንድ ሻፍት ላሳይዎ። የተበላውን የ50 ሚሊ ሜትር ሻፍት አውጥተው አዲስ 50 ካስገቡ ማደስ ነው፤ ማሽኑ ወደ ነበረበት ተመለሰ። በ60 ከተኩት ግን ማሻሻል ነው። የሻፍት ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ስለሆነ 60 ለ50 ተካፍሎ የሚገኘው 1.2 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2.07 ይሆናል፤ በአንድ ዓይነት ጭነት የሚጎብጠው ከግማሽ በታች ይወርዳል። (ኩሽኔታውና ቤቱ፣ የሮለሩም ቀዳዳ አብረው መስፋት እንዳለባቸው ይጻፉ፤ ይህ ተረስቶ የተገዛ ሻፍት መጋዘን ውስጥ ይቀራል።) ሻፍቱን ሳያወፍሩ በሁለቱ ኩሽኔታ መካከል ያለውን ርቀት ከመቶ 10 ቢያሳጥሩም መጉበጡ ከመቶ 27 ያህል ይቀንሳል፤ ይኸም ማሻሻል ነው። በመቀስ ፋንታ ርዝመቱን ራሱ ቆጥሮ የሚቆርጥ መሣሪያ መጨመር ማዘመን ይባላል፤ የተጨማደደውን ጠርዝ ግን አያቃናም። የበላይ ኃላፊ «ማዘመን» የሚል ርእስ ሲያይ ፈጥኖ እንደሚፈርም አውቃለሁ። ቢሆንም ሰነድዎ ስለ ጣቢያ ብዛትና ስለ ሻፍት ከሆነ «ማሻሻል» ብለው ይጻፉ። አሻሻለ የተሻለ ዘመድ ነው፤ «ሻ» መደገሟም ሥራውን ትመስላለች፦ አንድ ነገር ለውጦ 3 ሜትር ብረት አውጥቶ ማየት፣ ደግሞ ሌላውን መለወጥ። ክፍተቱንና መሪውን በአንድ ቀን ለውጦ ብረቱ ቢቃና የትኛው እንዳቃናው አይታወቅም።

በደብዳቤዎ ግርጌ «ማሽኗ» እና «ማሽኑ» ተቀላቅለውብኛል ብለዋል። በአፍ «ማሽኗ ተነሣች» ማለት የሸዋ ሰው ልማድ ነው፣ ያምራልም። በሰነድ ላይ ግን ማሽኑ፣ ሮለሩ፣ ሻፍቱ ብለው በአንድ ይጽኑ። ያለዚያ «ስትነሣ ክፍተቷን አስተካክል» የሚለውን ያነበበ ሰው የማሽኗን ይሁን የሮለሯን ክፍተት መለየት ያቅተዋል።