«ሁለት ዓመት ፈልጌ ምንም ባላገኝስ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

አዲስ መድኃኒት አታገኚም። ይህን ዛሬውኑ ከተቀበልሽው የቀረው ውሳኔ ይቀልልሻል።

ደብዳቤሽን ለሌሎች አንባቢዎች ላሳጥረው። በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ልትጨርሺ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል። አንድ መምህር በሁለተኛ ዲግሪ ጥናትሽ በባሕር ስፖንጅ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች አዲስ ፀረ-ተህዋስያን ውህድ እንድትፈልጊ ጋብዘውሻል። በሌላ በኩል የመድኃኒት ሽያጭ ሥራ ቀርቦልሻል። እስካሁን ለትምህርትሽ የከፈለው ታላቅ ወንድምሽ «በስፖንጅ የከበረ ሰው የለም» እያለ ሽያጩን እንድትይዢ ይወተውትሻል። ዋና አለመቻልሽና የሂሳብ ፍርሃትሽም ተጨምረዋል። እንቅልፍ የነሳሽ ግን በርዕሱ ላይ ያሰፈርኩት ጥያቄ ነው።

ፍለጋው ከንቱ አይደለም። ስፖንጅ ካለበት የማይነቃነቅ፣ ጥርስም ጥፍርም የሌለው እንስሳ ስለሆነ ጠላቱን በአብዛኛው የሚመክተው በኬሚካል ነው። አንድ ኪሎ ግራም ስፖንጅ በቀን በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ውሃ ሊያጣራ ይችላል። በአንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ይይዛሉ። ኬሚካሉን የሚያዘጋጁት ብዙ ጊዜ እነዚህ እንግዶች ናቸው። ቴኦኔላ ስዊንሆይ ከተባለው ስፖንጅ የተገኙት አብዛኞቹ ውህዶች የኢንቶቴኦኔላ ባክቴሪያ ሥራ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ታውቋል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ይህ የታወቀው ግን ባክቴሪያውን ለብቻው አሳድጎ ሳይሆን ዘረመሉን በማንበብ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከስፖንጅ ባክቴሪያዎች መካከል በላቦራቶሪ ሳህን ላይ እሺ ብለው የሚያድጉት ጥቂቶች ናቸው። በቀላሉ ከሚያድጉት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ስትሬፕቶማይሲስ የተባለው የአፈር ባክቴሪያ ዘመዶች ሲሆኑ፣ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ከእሱ ከተገኘበት ከ1943 ጀምሮ ተመራማሪዎች ይህን ወገን ሲበረብሩት ኖረዋል። አንድ ቀን ሳህንሽን ስትከፍቺ በባክቴሪያሽ ዙሪያ ሌላው ጀርም ሊያድግበት ያልቻለ ጥርት ያለ ቀለበት ታያለሽ። ደስታው ልዩ ነው። ከወራት ድካም በኋላ ውህዱን አጥርተሽ ስታወጪው ግን ሌሎች ከሃምሳ ዓመት በፊት የመዘገቡት አንቲባዮቲክ ሆኖ ቁጭ ይላል። በዚህ መስክ ዕድሜ የሚበላው የታወቀውን ነገር ዘግይቶ መለየት ነው።

ስለዚህ ሁሉም የምርምር ቡድን የሚፈልገው ሰው አለ። ከባክቴሪያው የወጣውን ቅይጥ በክሮማቶግራፊ ይነጣጥላል፣ የሞለኪውልን ክብደት በሚለካው መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ይመዝናል፣ ከመረጃ ቋት ጋር ያስተያያል፤ ከዚያም በመጀመሪያው ሳምንት «ይህን ተዉት፣ የታወቀ ነው፤ ያኛውን ግን ተከተሉት» ይላል። ይህን የሚችል ሰው ስፖንጁ ባይሆንለትም የመድኃኒት ፋብሪካ፣ የምግብ ደኅንነት ላቦራቶሪ፣ የውሃ ምርመራ ተቋም ይቀጥረዋል። ባክቴሪያ በማሳደግ ብቻ የተመረቀን ሰው ግን ብዙ ቀጣሪ አይሻማበትም። እኔም ከማይክሮባዮሎጂ ተነስቼ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ያሳለፍኩ ስለሆንኩ፣ ወደ መሣሪያው ማድላቴን ከዚህ አንጻር እዪው።

ታሪክም ያግዘኛል። በ1945 ጣሊያናዊው ጁሴፔ ብሮትዙ በካልያሪ ከተማ የፍሳሽ መውጫ አጠገብ ከባሕር ውሃ አንድ ፈንገስ ለየ፤ ጀርም እንደሚገድልም አየ። ውህዱን አጥርቶ ማውጣት ግን አልሆነለትም። ፈንገሱ ወደ ኦክስፎርድ ተላከና ኤድዋርድ አብርሃምና ጋይ ኒውተን ሴፋሎስፖሪን ሲ የተባለውን ውህድ ነጥለው አወጡ። ከዚያ የተገኘው የመጀመሪያው መድኃኒት ለገበያ የበቃው በ1964 ነው። ዛሬ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች የማይታዘዙበት ሆስፒታል ማግኘት ይከብዳል። ብሮትዙ በአንቺ የሁለት ዓመት መስፈርት ቢለካ ኖሮ «ምንም አላገኘም» ተብሎ ይሸኝ ነበር። ከስፖንጅ ባክቴሪያ ተገኝቶ ለሕክምና የበቃ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ እስካሁን የለም። አንቺም የመጀመሪያዋ ካልሆንሽ ተሸናፊ ነሽ ብሎ የሚፈርድብሽ ፈታኝ አይኖርም። ካጠናሻቸው ባክቴሪያዎች ጀርም ገዳይ የሆኑት የትኞቹ እንደሆኑ፣ የሚያመነጩትም ውህድ የታወቀ መሆኑን በማስረጃ ካሳየሽ በቂ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ መምህሩን «አዲስ ነገር እናገኛለን ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። ማስ ስፔክትሮሜትሩ የት ነው? እኔ ራሴ እቀመጥበታለሁ ወይስ ናሙናው ለሌላ ሰው ይሰጣል? የታወቁትን ውህዶች የምንለየው በስንተኛው ወር ነው? በማቀዝቀዣ የተቀመጡ ባክቴሪያዎች አሉ ወይስ አዲስ ስፖንጅ እስኪመጣ እጠብቃለሁ? ስፖንጁ ከተወሰደበት አገር የተገኘ ፈቃድስ አለ? የመጨረሻውን እንደ ቢሮክራሲ አትናቂው። ከሌላ አገር የተፈጥሮ ሀብት ናሙና ስለሚወሰድበት ፈቃድና ስለ ጥቅም ክፍፍል የሚደነግገው ዓለም አቀፉ የናጎያ ስምምነት ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ስላለ፣ ፈቃድ የሌለው ናሙና ኋላ ጽሑፍሽንም ከሌሎች ጋር የምትሠሪውንም ሥራ ሊያሰናክል ይችላል። በቁጣ ወይም በማድበስበስ የሚመልስ መምህር ከሆኑ መልሱን አግኝተሻል።

ስለ ወንድምሽ በግልጽ ልናገር። ለትምህርትሽ ከፍሏል፣ ዕድሜሽን ግን አልገዛም። ውለታው ዕዳ ነው ካልሽ በገንዘብ ክፈዪው፤ ስንት እንደሆነና መቼ እንደምትመልሺ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። በሙያሽ ልትከፍዪው ከጀመርሽ ማብቂያ የለውም። በአንድ ነገር ግን ልክ ነው፤ ይህ መስክ ገንዘብ የለውም። መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ ሆኖም አዲስ አንቲባዮቲክ ለክፉ ቀን ተብሎ ይቀመጣል፣ ሲታዘዝም ለጥቂት ቀናት ነው፤ አምራቹም አያተርፍም። አካኦጄን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፕላዞሚሲን ለተባለ አዲስ አንቲባዮቲክ በ2018 ፈቃድ አግኝቶ በ2019 ኪሳራ ውስጥ ገብቷል። አንቲባዮቲክ ፈላጊ ኩባንያ ይቀጥረኛል ብለሽ ዕቅድ አታውጪ። ጥናቱም የኑሮ ድጎማ ከሌለው አትግቢ። በወንድምሽ ኪስ ሁለት ዓመት ተጨማሪ መማር ለእሱም ለአንቺም ፍትሐዊ አይደለም።

ዋና አለመቻል ችግር አይደለም፤ ጠላቂዎች ያመጡት ጥቂት ስፖንጅ ለወራት ያሠራል። ሂሳቡ ስታቲስቲክስ ነው፣ ይለመዳል። ከእሱ ይልቅ የባክቴሪያ ጂኖም በኮምፒውተር ማንበብን ከወዲሁ ጀምሪ።

የመምህሩ መልስ «አንቺው ራስሽ በመሣሪያው ትሠሪያለሽ» ከሆነና ድጎማው ካለ ግቢ፤ የሽያጭ ሥራ ከሁለት ዓመት በኋላም አይጠፋም። «ናሙናውን ወደ ሌላ ተቋም እንልካለን፣ ውጤቱ ሲመጣ እንነግርሻለን» ካሉሽ ግን አመስግነሽ ተሰናበቺ። ሽያጩን ከመቀበልሽ በፊትም በአንድ የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ የጀማሪ ቦታ ፈልጊ። ደመወዙ ከሽያጩ ያንስ ይሆናል፤ ከክሮማቶግራፊ መሣሪያው ጋር ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ትተዋወቂያለሽ። በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትመለሺም ናሙናውን የምትልኪው ሳይሆን የሚላክልሽ አንቺ ትሆኛለሽ።