ካቴድራሉን ያዳነው ጠላቂና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ እንግሊዙ ዊንቸስተር ካቴድራል ጣል ባደረግኳት አንድ አንቀጽ ምክንያት ጥያቄው ጎርፏል። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ጥቂቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አንድ ጠላቂ ዋናተኛ ካቴድራሉን ከመፍረስ አዳነው» ብለሃል። ካቴድራል ባሕር ውስጥ ነው እንዴ?

ባሕር ውስጥ አይደለም፤ ግን ከሥሩ ውሃ ነው። ግንባታውን በ1079 ያስጀመሩት ጳጳስ ዎክሊን የመረጡት ቦታ ወንዝ አጠገብ ያለ ረግረጋማ ሸለቆ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕንፃውን ወደ ምሥራቅ ሲያስረዝሙት ደግሞ ረግረጉ ላይ የዛፍ ግንድ ረበረቡና በላዩ ገነቡ። ግንዱ ሰባት መቶ ዓመት ተሸከመ። ከዚያ ደከመው።

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ዘመመ። መሐንዲሶች መሠረቱን ለማጠንከር ከሥሩ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ውሃ ሞላባቸው። በፓምፕ እንዳይስቡት አፈሩም አብሮ ይሄድና ሕንፃው ይደረመሳል። የቀረው መንገድ ውሃው ውስጥ ገብቶ የጉድጓዱን ወለል መድፈን ነበር። ዊልያም ዎከር የተባለው ጠላቂ የተጠራው ለዚህ ነው።

ሰውየው ከ1906 እስከ 1911 እዚያ ጨለማ ውስጥ ሠራ። ጥልቀቱ እስከ ስድስት ሜትር ይደርሳል። ውሃው በጣም ድፍርስ ስለሆነ መብራት ዋጋ አልነበረውም፤ ሥራው ሁሉ በዳበሳ ነው። የጠላቂው ልብስ ከባድ ነው፤ ማውለቁና መልበሱ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ለምሳና ፒፓውን ለማጨስ ሲወጣ የራስ ቁሩን ብቻ ያነሳ ነበር። ከ25,000 በላይ ከረጢት ኮንክሪት በዚህ ሁኔታ ወረደ። ወለሉ ሲደፈን ውሃው ተሳበ፣ ግንበኞችም ገብተው ቀጠሉ። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ደግሞ ሰውየው ብስክሌቱን አንስቶ ወደ ቤቱ፣ ወደ ለንደን! እኔ ብሆን ሶፋ ላይ ነበር የምትፈልጉኝ።

ዎከር በ1918 ሞተ። የገደለው እኛ «የኅዳር በሽታ» የምንለው ያው ወረርሽኝ ነው። በኋላ ሐውልት ሲቆምለት ቀራፂው ሰው ተምታታበትና የመሐንዲሱን የፍራንሲስ ፎክስን መልክ ሠራ። አምስት ዓመት ጭቃ ዳብሶ በስሙ የሌላ ሰው ፊት! የራሱን መልክ የያዘ ሐውልት የቆመው በ2001 ነው።

ቅዱስ ስዊዝን ከዝናብ ጋር ምን አገናኘው?

ስዊዝን በ9ኛው ክፍለ ዘመን የዊንቸስተር ጳጳስ ነበር። «ውጭ ቅበሩኝ፤ ዝናብ ይውረድብኝ፣ ሰውም ይርገጠኝ» ብሎ ተናዞ ነበር ይባላል። በ971 ግን አጽሙን አፍልሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስገቡት። በዚህ ተቆጥቶ ሰማዩን ከፈተው ይላል አፈ ታሪኩ። እስከ ዛሬ እንግሊዞች «በስዊዝን ቀን ከዘነበ 40 ቀን ይዘንባል» ይላሉ። ቀኑ ጁላይ 15 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 8። ለሐበሻ ሐምሌ ላይ 40 ቀን መዝነቡ ምኑ ነው ተአምሩ?

የሚገርመው ካቴድራሉ ለመዳኑ የምስጋና ጸሎት የተደረገው፣ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በተገኙበት፣ በ1912 ልክ በዚሁ ቀን ነው። ውሃ ያሰመጠውን ሕንፃ የዝናቡ ቅዱስ ቀን ላይ ማመስገን፤ ቀኑን የመረጠው ሰው ቀልድ ያውቃል።

የነገሥታት አጥንት በሳጥን ተቀምጧል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። እንግሊዝን፣ ዴንማርክንና ኖርዌይን የገዛው ክኑት እዚህ ነው የተቀበረው። የእሱና የሌሎች ጥንታዊ ነገሥታትና ጳጳሳት ስም የተጻፈባቸው የእንጨት ሳጥኖች አሉ። ችግሩ በ1642፣ የእንግሊዝ ንጉሥና ፓርላማው በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት፣ የፓርላማው ወታደሮች ገብተው ሳጥኖቹን ገለበጡ። አጥንቱን እየወረወሩም የመስኮቱን ባለቀለም መስታወት ሰባበሩ ይባላል። ሰላም ሲወርድ አጥንቱም መስታወቱም ተለቀመ፤ ግን ማን የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ቢያንስ የ23 ሰዎች አጽም ሆኖ ተገኘ። አንዷ ሴት ናት፤ የክኑት ሚስት ንግሥት ኤማ ሳትሆን አትቀርም ተብሎ ይታመናል።

ምዕራብ በኩል ያለውን ትልቁን መስኮት ቀና ብላችሁ እዩት። የተሰባበረውን መስታወት መልሰው ሲገጥሙት ሥዕሉን ማግኘት ስላልቻሉ እንዳገኙት አጣብቀውታል። ከተማው ውስጥ ካየሁት ሁሉ እኔ እሱን እወዳለሁ።

ደራሲዋ ጄን ኦስተን እዚያ ናት?

አዎ፣ በ1817 ነው የተቀበረችው። የመቃብር ድንጋይዋ ደግነቷንና አእምሮዋን ያወድሳል፤ ልብ ወለድ መጻፏን ግን አንዲት ቃል አያነሳም። የሚያነሳው በኋላ የተሰቀለው የናስ ሰሌዳ ነው።

ከለንደን ደርሶ መልስ ይቻላል? መግቢያስ ይከፈላል?

ከዋተርሉ ጣቢያ ባቡሩ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በእግር ይደረሳል። ለጉብኝት ይከፈላል፤ ዋጋው ስለሚለዋወጥ ድረ ገጻቸውን እዩ። ለጸሎት ለሚገባ ግን ነፃ ነው። አመሻሽ ላይ መዘምራኑ የሚዘምሩበት ጸሎት አያምልጣችሁ።

ምድር ቤቱን ክረምት ላይ ለማየት ሞክሩ፤ የፈረንጆቹን ክረምት ማለቴ ነው። ውሃ ይሞላዋል። ቀራፂው አንቶኒ ጎርምሌይ የሠራው ሐውልት ውሃው ውስጥ ቆሞ፣ በእፍኙ ውሃ ይዞ አቀርቅሮ ያያል። ከመመልከቻው ሆናችሁ ነው የምታዩት።

ጫማ ይወለቃል?

አይወለቅም። ወለሉ ድንጋይ ነው፤ እንዲያውም ወፍራም ካልሲ ደርቡ።