ከዋንጫው ማግስት

ሰሞኑን አንዲት የሶሻል ወርክ ተማሪ ከጓደኞቿ ጋር ለጎዳና ተዳዳሪዎችና ለተፈናቃዮች የእግር ኳስ ቡድን ለማቋቋም ማሰባቸውን ገልጻ ከምን ቢጀምሩ እንደሚሻል ጠየቀችኝ። ስለ ማሊያና ስለ ሜዳ ልመልስላት ስል አንድ በረኛ ትዝ አለኝ።

ልጁ ከገጠር መጥቶ መርካቶ አካባቢ ጎዳና ላይ ያድር ነበር። እኔ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ተቀጥሬበት የነበረው ፕሮጀክት ቡድን ሲያቋቁም ለልምምድ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር፤ ማስቲሽ የሚስቡትን ጓደኞቹንም ቢያንስ በልምምድ ቀን እንዲተዉ ያስገድዳቸው ነበር። በቅጽል ስም ብቻ የሚጠራሩትን ልጆች ግብ ላይ ቆሞ እናት አባት ባወጡላቸው ስም እየጠራ ሲያዛቸው መስማት ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሥራ ተገኘለትና አሠሪው መታወቂያ ጠየቀው። ቀበሌው ደግሞ ከትውልድ ቦታው መሸኛ ካላመጣ መታወቂያ እንደማይሰጠው ነገረው፤ መሸኛው የሚገኘው ሸሽቶት ከመጣው የእንጀራ አባቱ መንደር ነበር። አብሮት የሚሄድ ሰው ሊመደብለት ታስቦ ሳለ በጀቱ ተዘጋ። ቡድናችን ዋንጫ በልቶ፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ኳሶቹ ወደ መጋዘን ከገቡ በኋላ ልጁን አላየሁትም።

በ2003 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ የተጀመረው የቤት አልባዎች የዓለም ዋንጫ አንድ ተጫዋች በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሳተፍ የሚፈቅድ ደንብ አለው። ገና ማሊያ ለብሶ ሰው የሆነን ልጅ «ከእንግዲህ በቃህ» ማለት ጭካኔ መስሎኝ ነበር፤ በረኛውን ሳስብ ግን ተጫዋቹ ከቡድኑ ወጥቶ የሚሄድበትን በር ከመጀመሪያው ቀን ማዘጋጀት እንደሚያስፈልግ ይገባኛል። ያም ሆኖ ሥልጣኑ ቢኖረኝ እሱን ከግቡ አላስነሣውም ነበር።

ውድድሩ በየቡድኑ አንድ በረኛና ሦስት ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበት፣ እያንዳንዱ አጋማሽ ሰባት ደቂቃ የሆነ ጨዋታ ነው፤ ሜዳው ጠባብ ስለሆነ ጉልበቱ የደከመም ሰው ኳስ ይነካል። ስለዚህ ትልቅ ሜዳ ፍለጋ አትድከሙ። የዘንድሮ ወጣቶች ኳሱ ሳይነፋ ፎቶ መለጠፍ ትወዳላችሁ፤ ማሊያው ላይ ከምታወጡት ገንዘብ ቀንሳችሁ ከቀበሌ ቀበሌ ተመላልሶ መሸኛና መታወቂያ የሚያስጨርስ ሰው ቅጠሩ፤ ደመወዙንም ከውድድሩ በኋላ ላሉት ወራት ጭምር ያዙለት።

ቡድኑን የምታቋቁሙት ደብረ ብርሃን መጠለያዎች ውስጥ እንዳሉት ላሉ ተፈናቃይ ወጣቶች ከሆነ ደግሞ ተፈናቃይን ከነዋሪ አታጋጥሙ፤ ሁለቱን በአንድ ቡድን ቀላቅሉ። የከተማው ልጅ የትኛው ጋራዥ ሠራተኛ እንደሚፈልግ፣ የትኛዋ እናት ክፍል እንደምታከራይ ያውቃል፤ ይህንንም የሚነግረው አብሮት ለሚጫወተው ነው።