ፓኬጁን ከየት አመጣችሁት?

እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይሄ ነው፦ አዲስ አበባ ያለው ቡድናቸው ለአንድ የጀርመን ደንበኛ ሲስተም ሠርቶ ሊያስረክብ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ የተጠቀማችሁበትን የኦፕን ሶርስ ፓኬጅ በሙሉ ከየት እንዳመጣችሁትና ላይሰንሱን (የአጠቃቀም ፈቃዱን) ጽፋችሁ አምጡ አላቸው። ከሎክ ፋይሉ (ፕሮጀክቱ የሚጠቀማቸው ፓኬጆች ከነቨርዥናቸው ከተዘረዘሩበት ፋይል) ስምና ቨርዥን ለቅመን በኤክሴል ብንልክለት አይበቃም ወይ?

አይበቃም እህቴ። ልኬ ስላየሁት ነው የምልሽ።

ያኔ የምሠራበት ቢሮ ኢንተርኔቱ ስለሚያስቸግር የራሳችን ሚረር ሰርቨር ነበረን። አንዴ ከኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ለሁሉም ከሚቀመጡበት ማከማቻ) የወረደ ፓኬጅ እዚያ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሁላችንም የምናወርደው ከሚረሩ ነው። ሎክ ፋይሉ ውስጥ «ሪዞልቭድ» በሚለው ቦታ የሰፈረውም የሚረሩ አድራሻ ነበር። እኔ በትንሽ ስክሪፕት ያንን ለቅሜ፣ ከ900 መስመር በላይ ያለው ቆንጆ ሠንጠረዥ ሠርቼ ላክሁ። በማግስቱ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ሊንኮቹ አይከፈቱም።» እንዴት ይከፈቱ! ከቢሯችን ውጭ ማንም የማይደርስበት አድራሻ ነው። የጻፍኩላቸው ፓኬጁ ያደረበትን ቤት እንጂ የተወለደበትን አልነበረም።

ያዳነን እዚያው ሎክ ፋይል ላይ ያለው «ኢንተግሪቲ» የሚባለው ሃሽ ነው፤ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ማለት ነው። ፋይሉ ያው ከሆነ ከየትም ይውረድ ሃሹ አይለወጥም። የእኛን ሃሽ ኤንፒኤም ላይ ካለው ጋር አስተያየን፤ ለገጠመው ሁሉ የኤንፒኤሙን አድራሻ ጻፍንለት። ሦስቱ ግን እምቢ አሉ። ቆፍረን ስናይ አንድ የቀድሞ ባልደረባችን ባግ አስተካክሎ፣ ቨርዥኑን እንኳ ሳይቀይር ሚረሩ ላይ መልሶ ጭኗቸዋል። ልጁ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፤ ደውለን ጠየቅነው፣ እሱም ግማሹን ረስቶታል። ከሦስቱ ሁለቱ አፓቺ 2.0 ነበሩ፤ ይሄ ላይሰንስ ደግሞ የነካሽውን ፋይል መለወጥሽን በግልጽ እንድትጽፊበት ያስገድዳል። እኛ አንድ ቃል አልጻፍንም።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፓኬጅ ሙሉ ቨርዥኑን፣ የወረደበትን ለሁሉም ክፍት የሆነ አድራሻ፣ ሃሹን፣ ሶርስ ኮዱ ያለበትን ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ከነታጉ (ቨርዥኑን ከሚያመለክተው ምልክት ጋር)፣ እኛ የነካነው ካለም ምኑን እንደነካን እመዘግባለሁ። የወረደበትና ሶርስ ኮዱ ያለበት ለየብቻ ዓምድ ይኑራቸው። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የተጋለጠው፣ ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ ተንኮል ያለበት ኮድ የተገኘበት ጉድ ትዝ ይልሻል? የ5.6.0 እና የ5.6.1 ታር ፋይሎች (ለማውረድ የሚለቀቁት ጥቅሎች) ጊት ላይ፣ ማለትም ሶርስ ኮዱ በሚቀመጥበት ሪፖዚተሪ ላይ፣ የሌለ ስክሪፕት ይዘው ነበር የወጡት። እርግጥ ያ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ግን ታር ፋይል ውስጥ ጊት ላይ የማታዪው፣ ላይሰንሱ የተለየ ኮድም ሊገባ ይችላል።

ቨርዥን «በግምት» አይጻፍም። ሬዲስ የሚባለውን ዳታቤዝ ብትወስጂ ላይሰንሱ እስከ 7.2 ልል የሆነው ቢኤስዲ ነበር፤ ከ7.4 ጀምሮ ጠበቅ ወዳሉት አርኤስኤኤልና ኤስኤስፒኤል ዞረ፤ 8 ላይ ደግሞ ኤጂፒኤል የሚባል ሌላ ላይሰንስ በአማራጭነት ተጨመረ። «ሬዲስ፣ ቢኤስዲ» ብሎ የሚያልፍ መስመር እውነትም ውሸትም ሊሆን ይችላል።

ፎርማቱን ራሳችሁ አትፍጠሩ፤ ኤስፒዲኤክስ የሚባል የፓኬጅና የላይሰንስ ዝርዝር ፎርማት አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አይኤስኦ 5962 የተባለ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኗል። የምወድለት ባለቤቱ ያወጀውን ላይሰንስና እናንተ ፋይሎቹን አይታችሁ የደረሳችሁበትን ለየብቻ ማስቀመጡን ነው። ያልታወቀ ነገር ሲኖርም «ኖአሰርሽን» የሚል ቃል አለው፤ በዚህ ላይ የምለው የለኝም እንደማለት ነው። ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብላችሁ ኤምአይቲ የሚባለውን የተለመደ ላይሰንስ ከምትሞሉ እሱን ጻፉ። እኔ ደንበኛ ሲቆጣ ያየሁት በኖአሰርሽን ሳይሆን በውሸት ኤምአይቲ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ኢሜጁን፣ ማለትም ፕሮግራማችሁ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የታሸገበትን ጥቅል፣ ነው። የምታስረክቡት በአልፓይን (ትንሽ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ የተሠራ የኮንቴይነር ኢሜጅ ከሆነ ውስጡ ቢዚቦክስ የሚባል የመሠረታዊ ትዕዛዞች ስብስብ አለ፣ እሱ ደግሞ ጂፒኤል 2 ነው፤ ስታከፋፍሉት ሶርስ ኮዱን እንድትሰጡ የሚያስገድድ ላይሰንስ። ኢሜጁን ለደንበኛ ሰጣችሁ ማለት ቢዚቦክስንም አከፋፈላችሁ ማለት ነው፤ ሶርስ ኮዱን አብራችሁ ትሰጣላችሁ፣ አለዚያ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል ትገባላችሁ። ለዚህ ነው ሊንኩ ብቻውን የማይበቃው፦ ሊንክ ይሞታል። የሶርሱን ፋይል ራሱን በዚያው ቀን አውርዳችሁ ከዝርዝሩ ጋር አስቀምጡ።

መሣሪያ ከፈለግሽ ሲፍት ዝርዝሩን ያወጣልሻል፣ ስካንኮድ ደግሞ ፋይሎቹን ከፍቶ የላይሰንስ ጽሑፍ ይፈልጋል። ሰው ከሆነ ቦታ ኮፒ አድርጎ የለጠፈውን ግን፣ አናቱ ላይ ምንም ካልተጻፈበት፣ በቀላሉ አያገኙልሽም። እኛ ጋ «ዩቲል2» የሚባል፣ ስምም ቀንም የሌለው የጃቫስክሪፕት ፋይል ነበር። ከውስጡ አንድ ለየት ያለ የስህተት መልእክት ወስደን ጎግል ላይ ስንፈልግ ነው ባለቤቱን ያገኘነው፤ አራት ቀን ፈጅቶብናል፣ ጂፒኤል ሆኖ ስለተገኘም አውጥተን በራሳችን ኮድ ተካነው። ስለዚህ ከሎክ ፋይሉ በፊት ከእንዲህ ያሉት ፎልደሮች ጀምሪ፤ የለጠፈው ልጅ አሁን ቢሮ እያለ ጠይቂው።

ቀነ ገደባችሁ መቼ ነው? ኢሜጃችሁ በምን ላይ እንደተሠራ ንገሪኝና እኔ የምጠቀምበትን ባዶ ሠንጠረዥ በውስጥ እልክልሻለሁ።