የጡረታ ዘመንና የመኖሪያ ፈቃድ፦ ከመውጣትዎ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ለመልስ የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ዕድሜአቸውን በውጭ አገር ሠርተው ለጡረታ ከተቃረቡ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት ገንዘባቸው ይበቃ እንደሆነ ነው። ደብዳቤዎቹን ደጋግሜ ሳነባቸው ግን ከገንዘቡ ቀድሞ መልስ የሚያሻው፣ ከሚኖሩበት አገር ምን ያህል ጊዜ ርቀው ሲቆዩ የትኛውን መብት እንደሚያጡ ማወቅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ፣ የጡረታ አበልና የጤና መድን በየራሳቸው ሕግና በየራሳቸው መሥሪያ ቤት ስለሚተዳደሩ፣ አንዱ የፈቀደው ነገር በሌላው ዘንድ መብት ሊያሳጣ ይችላል። ደብዳቤዎቹን ያሳጠርናቸው ሲሆን የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በግሪን ካርድ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬአለሁ፤ ዕድሜዬ 66 ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታዬን አስጀምሬ ከባለቤቴ ጋር ፓናማ ሄደን ለመኖር አስበናል። ዜግነት ያልወሰድኩት የእንግሊዝኛውን ፈተና ስለምፈራ ነው። አበሌ ይከተለኛል? ግሪን ካርዴስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከፓናማ ልጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። ፓናማ ለጡረተኞች የምትሰጠው ፈቃድ ፔንሲዮናዶ የሚባለው ሲሆን፣ ዋናው መመዘኛው ዕድሜ ልክ የሚከፈልና በወር ከ1,000 ዶላር የማያንስ የጡረታ ገቢ ማሳየት ነው፤ አብሮ ለሚሄድ ለእያንዳንዱ ጥገኛ የቤተሰብ አባል 250 ዶላር ይጨመራል። አገሪቱ በአሜሪካ ዶላር ስለምትገበያይ በምንዛሪ መዋዠቅ ምክንያት አበልዎ አይሸረሸርም። የአበልዎ ማረጋገጫ ደብዳቤና ከኤፍቢአይ የሚወጣው ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ አፖስቲል (ሰነድ በሌላ አገር እንዲታመን የሚሰጥ የመንግሥት ማረጋገጫ) ተደርጎባቸው መቅረብ ስላለባቸው ለእነዚህ በቂ ጊዜ ይያዙ።

አስቸጋሪው ክፍል አሜሪካ ላይ ያለው ነው። ግሪን ካርድ የነዋሪ መታወቂያ እንጂ እንደ ልብ ወጥተው የሚመለሱበት ቪዛ አይደለም። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ከቆዩ ካርዱ ብቻውን ለመመለሻ አያገለግልም፤ ኑሮዎን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ አገር ካዛወሩ ደግሞ ዓመት ሳይሞላም ነዋሪነትዎን እንደተዉ ሊቆጠርብዎ ይችላል። ከመውጣትዎ በፊት የሚጠየቀው የዳግም መግቢያ ፈቃድ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ይሁንና እርሱም ለጊዜያዊ ጉዞ እንጂ ለዘለቄታ ኑሮ የታሰበ አይደለም።

አበሉን በተመለከተ ሕጉ ዜጋና ዜጋ ያልሆነውን ለይቶ ያያል። የአሜሪካ ዜጋ ከጥቂት አገሮች በስተቀር የትም ቢኖር ይከፈለዋል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን ስድስት ሙሉ የካሌንደር ወራት ከአገሪቱ ውጭ ከቆየ፣ ከልዩ ሁኔታዎቹ በአንዱ ካልተሸፈነ በስተቀር ክፍያው ይቆማል፤ ልዩ ሁኔታዎቹም በአብዛኛው ሰውየው በያዘው ፓስፖርት ይወሰናሉ። በተጨማሪም ግሪን ካርዱን መልሶ በግብር ሕግ የውጭ ሰው የሆነ ጡረተኛ፣ የግብር ስምምነት ካላዳነው በስተቀር፣ ከአበሉ 85 በመቶው ላይ 30 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል፤ ይህም ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር 255 ዶላር ማለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ዜግነቱን ሳይወስዱ አይውጡ። የፈሩት ፈተና እርስዎን እንደማይመለከት ማወቅዎ ደግሞ ያስደስተኛል። ማመልከቻውን ሲያስገቡ ዕድሜያቸው 50 ሞልቶ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቶአቸው 15 ዓመት የኖሩ አመልካቾች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናቸው፤ የታሪክና የመንግሥት አስተዳደር ጥያቄዎቹንም በአስተርጓሚ አማካይነት በአማርኛ መመለስ ይችላሉ። እርስዎ 65 ዓመት አልፎዎት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የሞላዎት ስለሆነ የሚያጠኑት 20 ጥያቄዎችን ብቻ ነው፤ ከእነዚህ 10 ተጠይቀው 6 ከመለሱ አልፈዋል። ለዓመታት ያስፈራዎት ነገር በጥቂት ሳምንታት ጥናት የሚወጡት ነው። የማመልከቻው ሂደት እስኪያልቅና ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ ግን ረጅም ጉዞ አይውጡ፤ ከስድስት ወር በላይ የሆነ መቅረት ተከታታይ ነዋሪነትዎን እንዳቋረጡ ሊያስቆጥርብዎ ይችላልና።

ከዚያ በኋላም ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። በየወሩ የሚከፈልበትን ክፍል ቢ ትተው ቢሄዱና በኋላ ቢመለሱ፣ ያለ መድኑ ባሳለፉት በእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር ወርሃዊ ክፍያው 10 በመቶ ይጨምርብዎታል፤ ጭማሪውም ባብዛኛው ዕድሜ ልክ ነው። ለመታከም ወደ አሜሪካ የመመለስ ሐሳብ ካለዎት መክፈልዎን ባያቋርጡ እመርጣለሁ። ሁለተኛው የግብር ማስታወቂያ ነው፤ ዜጋ የትም ቢኖር በየዓመቱ ማቅረብ አለበት፤ በውጭ ባንኮች ያለው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ሲደመር ከ10,000 ዶላር ካለፈም ለብቻው ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ጀርመን 19 ዓመት ኖረናል። ጡረታ ስንወጣ አብዛኛውን ዓመት ታይላንድ ለመቆየት እናስባለን። ጀርመን ያለን ቋሚ ፈቃድ ይቃጠላል ወይ? ታይላንድስ ምን ትጠይቃለች?

መልስ፦ በመጀመሪያ በእጅዎ ያለው ካርድ የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ቋሚ ፈቃድ የሚባሉት ሁለት ናቸውና። ብሔራዊው የሰፈራ ፈቃድ በመደበኛው ሕግ ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆዩ ይቋረጣል። የአውሮፓ ኅብረት የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ፈቃድ ግን የሚቋረጠው ከኅብረቱ ውጭ 12 ተከታታይ ወራት ከቆዩ ነው። እናንተን የሚጠቅማችሁ ሌላ ድንጋጌ አለ፤ በጀርመን ቢያንስ 15 ዓመት በሕጋዊ መንገድ የኖረና መተዳደሪያው የተረጋገጠለት ሰው፣ አብሮት የሚኖር የትዳር ጓደኛውም ጭምር፣ ረዘም ላለ ጊዜ ቢወጣም ፈቃዱ አይቋረጥበትም። ነገር ግን ይህን በአፍ ተነጋግሮ መሄድ አይበቃም። የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሲጠየቅ ፈቃዱ ጸንቶ እንደሚቆይ የሚገልጽ ማስረጃ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ይህን ወረቀት ሳይዙ የአውሮፕላን ትኬት አይቁረጡ።

የጀርመን ጡረታ ታይላንድም ይከፈላል። በየዓመቱ የሚላክልዎትን በሕይወት የመኖር ማረጋገጫ ቅጽ አስሞልተው ካልመለሱ ግን ክፍያው ይታገዳል፤ ስለዚህ አድራሻ በለወጡ ቁጥር ያሳውቁ። የጀርመኑ ሕጋዊ የጤና መድን ታይላንድ ውስጥ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም፤ ከመውጣትዎ በፊት ተመልሰው ቢመጡ በምን ሁኔታ እንደሚቀበልዎ መድን ድርጅትዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። በሰባዎቹ ዕድሜ፣ ነባር ሕመም ይዞ አዲስ የግል መድን መፈለግ እጅግ ውድ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይገኝም።

ታይላንድ በጡረታ ምክንያት የምትሰጠው የአንድ ዓመት የቆይታ ማራዘሚያ 50 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። አመልካቹ በታይላንድ ባንክ 800,000 ባት ማስቀመጥ ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ ማሳየት ይኖርበታል። የተቀማጩ አቆጣጠር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ከማመልከቻው ሁለት ወር አስቀድሞ መግባት፣ ፈቃዱ ከተሰጠም በኋላ ሦስት ወር ሳይነካ መቆየት አለበት፤ በቀሪዎቹ ወራትም ከ400,000 ባት በታች መውረድ የለበትም። ይህ ማለት ከገንዘቡ ግማሹ በተግባር የማይነካ ነው፤ ለድንገተኛ ሕክምና ያስቀመጥነው ብላችሁ እንዳትቆጥሩት። በየ90 ቀኑም አድራሻን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ብዙዎችን የሚጎዳው የሚከተለው ነው፦ ማራዘሚያውን የያዘ ሰው የዳግም መግቢያ ፈቃድ ሳያወጣ ከታይላንድ ለአንድ ቀንም ቢወጣ የቆይታ ፈቃዱ እዚያው ይሰረዛል፤ ሂደቱንም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፣ ለተደጋጋሚ ጉዞ 3,800 ባት የሚከፈልበት ፈቃድ ነው። ወደ ጀርመን መመላለሳችሁ ስለማይቀር የተደጋጋሚውን አውጡ። በመጨረሻም በዓመት 180 ቀንና ከዚያ በላይ ታይላንድ የቆየ ሰው በግብር ነዋሪ ይሆናል፤ ከ2024 ጀምሮ ያገኘውን የውጭ ገቢ ወደ ታይላንድ ሲያስገባም ለግብር ሊታይበት ይችላል። ሁለቱ አገሮች ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት ስላላቸው የእናንተ አበል በየትኛው አንቀጽ እንደሚወድቅ የግብር ባለሙያ ይመልከተው።

ጥያቄ፦ በብሪታንያ የ22 ዓመት መዋጮ አለኝ፤ ዕድሜዬ 64 ነው፤ ያለኝ የማይገደብ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ጡረታ ስወጣ ካናዳ ካለችው ልጄ ጋር ለመኖር እፈልጋለሁ። የማጣው ነገር አለ?

መልስ፦ አዎን፣ አለ፤ አስቀድመው ማወቅዎም መልካም ነው። የብሪታንያ መንግሥታዊ ጡረታ ካናዳ ይከፈላል፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚደረገው ጭማሪ ካናዳ ለሚኖሩ ጡረተኞች አይሰጥም። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድም እንዲሁ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በአሜሪካ ለሚኖሩት ግን ይሰጣል። በቁጥር እንየው። ሙሉው ጡረታ 35 ዓመት መዋጮ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በኤፕሪል 2025 በጀመረው የበጀት ዓመት በሳምንት 230.25 ፓውንድ ነበር። በ22 ዓመት መዋጮ በግምት 145 ፓውንድ ይደርስዎታል። አሁን ባለው ደንብ ዓመታዊ ጭማሪው ከ2.5 በመቶ አያንስም፤ በዚህ ዝቅተኛ መጠን ብቻ ቢሰላ እንኳ ከ20 ዓመት በኋላ ብሪታንያ የቀረው ጓደኛዎ 237 ፓውንድ ገደማ ሲያገኝ እርስዎ ግን ያው 145 ፓውንድ ላይ ነዎት። ሕይወታቸውን ሙሉ እኩል የከፈሉ ሰዎች በመኖሪያ አድራሻ ብቻ እንዲህ መለያየታቸው አግባብ ነው ብዬ አላምንም፤ ሕጉ እስካልተለወጠ ድረስ ግን ዕቅድዎ በዚሁ ላይ መመሥረት አለበት። የጎደሉ ዓመታትን በፈቃደኝነት ከፍሎ መሙላት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት ያለፉት ስድስት ዓመታት ስለሆኑ ሳይዘገዩ ይጠይቁ።

የመኖሪያ ፈቃድዎ ከብሪታንያ ውጭ ከሁለት ዓመት በላይ በተከታታይ ከቆዩ ይቋረጣል። ዜግነት ለመውሰድ ካሰቡ፣ 65 ዓመት የሞላው አመልካች ከቋንቋውም ሆነ ስለ ብሪታንያ ኑሮ ከሚሰጠው ፈተና ነፃ መሆኑን ይወቁ፤ ለእርስዎ የቀረው አንድ ዓመት ነው። ማመልከቻው ግን ዋና መኖሪያዎን በብሪታንያ ለማድረግ ማሰብዎን ስለሚጠይቅ እውነቱን መመለስ ይኖርብዎታል።

ካናዳ ለወላጆችና ለአያቶች የምትሰጠው ሱፐር ቪዛ በአንድ መግቢያ እስከ አምስት ዓመት ያስቆያል። ልጅዎ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆንና የተወሰነ ገቢ ማሳየት አለባት፤ እርስዎም ቢያንስ የ100,000 የካናዳ ዶላር ሽፋን ያለው የጤና መድን መግዛት አለብዎት። ቪዛው የጎብኚ ስለሆነ የካናዳ የሕዝብ ጤና መድን አያገኙበትም። ዕድሜ በገፋ ቁጥር የመድኑ ዋጋ ስለሚጨምር፣ ከልጅዎ ጋር ሲነጋገሩ የ64 ዓመቱን ሳይሆን የ75 ዓመቱን ዋጋ ጠይቃችሁ አስሉ።

ጥያቄ፦ ዱባይ 24 ዓመት ሠራሁ። ጡረታ የለኝም፤ ሥራ ስለቅ የሚከፈለኝን የአገልግሎት ክፍያና ቁጠባዬን ይዤ እስፔን በገዛሁት አፓርታማ መኖር እችላለሁ?

መልስ፦ ቤት መግዛትዎ ብቻውን የመኖር መብት አይሰጥዎትም። በንብረት ግዢ የሚገኘውን የኢንቨስተር ፈቃድም እስፔን ከኤፕሪል 3 ቀን 2025 ጀምሮ አቁማዋለች። በጉብኝት ቪዛ ከሆነ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ በሼንገን አገሮች (እስፔንን ጨምሮ እርስ በርስ የድንበር ቁጥጥር ባነሱት የአውሮፓ አገሮች) መቆየት አይቻልም፤ ለምሳሌ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ቢቆዩ ቀጥሎ መግባት የሚችሉት በጁን 30 ነው። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ መግቢያና መውጫ በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መመዝገብ ስለተጀመረ ቆጠራውን የሚያደርገው ማኅተም ሳይሆን ኮምፒውተር ነው።

ለእርስዎ የሚስማማው ሥራ ለማይሠሩ ሰዎች የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ለአንድ ሰው በዓመት 28,800 ዩሮ ገቢ ወይም በቂ ቁጠባ፣ እንዲሁም ሙሉ የጤና መድን ይጠይቃል፤ ከርቀትም ቢሆን መሥራት አይፈቀድበትም። የመጀመሪያው ፈቃድ ለአንድ ዓመት ነው፤ ሲታደስ ግን ለሁለት ዓመት ስለሆነ የሁለቱን ዓመት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማሳየት ይኖርብዎታል። ቁጠባዎ ዕድሜዎን ያዘልቅ እንደሆነ ለመገመት የሚጠቅም አንድ መነሻ አለ። አሜሪካዊው የፋይናንስ አማካሪ ዊሊያም ቤንገን በ1994 ባወጣው ጥናት፣ በመጀመሪያው ዓመት ከቁጠባው 4 በመቶ ያህል አውጥቶ ከዚያ ወዲያ ለዋጋ ንረት ብቻ የሚጨምር ሰው ገንዘቡ 30 ዓመት ሊቆይለት እንደሚችል በአሜሪካ ገበያ ታሪክ አሳይቷል። በዚህ ስሌት 28,800 ዩሮ በየዓመቱ ለማውጣት 720,000 ዩሮ ያስፈልጋል፤ ይህም በአክሲዮንና በቦንድ የተቀመጠ እንጂ ያለ ወለድ ባንክ የተኛ ገንዘብ አይደለም። ያለዎት ከዚህ በብዙ ካነሰ አፓርታማውን አከራይተው፣ ዱባይ ጥቂት ዓመት ቢጨምሩ ይሻላል፤ የአገልግሎት ክፍያዎ ከአምስተኛው ዓመት በኋላ በየዓመቱ በ30 ቀን መነሻ ደመወዝ የሚታሰብ ቢሆንም ጠቅላላው ከሁለት ዓመት ደመወዝ እንደማይበልጥ ግን አይዘንጉ። እስፔንን ለመሞከር በሚመላለሱበት ጊዜም ከኤምሬትስ ስድስት ወር ሳይሞላዎት ይመለሱ፤ ከዚያ ካለፈ መደበኛው የመኖሪያ ፈቃድዎ ይሰረዛልና።